ለሦስት ቀን ስለተዘፈዘፈው ሣጥንና ስለ ኦፓል ሰባት ሞተሮች

ለተከበሩ ሚስተር ለላንድ ሆክስት
የዌልፎርድ ከተማ የእሳት አደጋ መከላከያ ኃላፊ
ዌልፎርድ፣ ኮሎራዶ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ የወገብዎ ሕመም የተሻለ፣ እንቅልፍዎም ሰላማዊ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ የአራት ሺህ ሰው ደኅንነት የተሸከመ ወገብ እንደ ተርታ ሰው ወገብ አይታይምና። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። የላኩልኝ ሁለት ትእዛዞች በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፈው አገር ስላነበባቸው፣ መልሱንም አገር ያንብበው ብዬ ነው።

ስሜ ቨርሊን ስታድለር ነው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የአውራጃውን መንገድ በግሬደር ስደለድል ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ባሩድ የማውቀውን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ከመጻሕፍትና ከገዛ ስህተቴ ተማርሁት። የምሰበስበው የድሮ የትንንሽ ሮኬቶች ሞተር ነው፤ ልጆችና ልጅነት ያልለቀቃቸው ሽማግሌዎች ከወረቀትና ከቀላል እንጨት ሠርተው በሜዳ ላይ የሚያስወነጭፏቸውን ሮኬቶች ማለቴ ነው። አንዷ ሞተር የአውራ ጣት ውፍረት ያላት፣ ባሩድ የታመቀባት፣ አፏ ላይ ቀዳዳ ያለው ሸክላ የተገጠመላት የካርቶን ቱቦ ናት። ምድር ቤቴ ውስጥ ሁለት መቶ አምስት አሉኝ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የተሠሩት እዚሁ ከተማ፣ በባቡር ሐዲዱ አጠገብ በነበረችው በቆርቆሮ የተሠራች ወርክሾፕ ነው። ወርክሾፗ ከተዘጋች ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ በቦታው ላይ ዛሬ የመኪና ማጠቢያ አለ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ረዳትዎ ዴርክ ከሳሎኔ መደርደሪያ ላይ «የሮኬት ሞተሮች» ተብሎ የተጻፈበትን ሣጥን አንሥቶ ወሰደ። ስለ ሣጥኑ አንድ ነገር ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትሁ። ሦስቱንም ጊዜ፣ «አባት፣ እኔ የታዘዝሁትን ነው የማደርገው፤ ማብራሪያ ካለዎት ለኃላፊው በጽሑፍ ያቅርቡ» አለኝ። ሌላ አለ ወይ ሲለኝ ምድር ቤት እንዳለ ነገርሁት፤ መዋሸት አልለመድሁም። ለምድር ቤቱ ሌላ ትእዛዝ ያስፈልጋል ብሎ ሄደ። ያ ሌላው ትእዛዝ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሰኞ ደረሰኝ፤ እስከዚህ ሳምንት ዓርብ ቀትር ድረስ ሁሉንም በእጄ አምጥቼ በባልዲ ውሃ ውስጥ እንድዘፈዝፋቸው፣ እምቢ ካልሁ ቤቴ እንደሚታሸግ ይገልጻል። ውሃ የጠጣ የባሩድ ሞተር በሰዓታት ውስጥ አብጦ ይፈራርሳል። ከዚያ በኋላ ጭቃ ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ቅሬታዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለአንድ ሽማግሌ ሳሎን ሁለት የእሳት መኪና በሳይረን ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። የኮልስተን ጎተራ ሲቃጠል አንድ መኪና፣ ያውም ጣሪያው ከወደቀ በኋላ ስለመጣ፣ ክብሬ ከጎተራ መብለጡን አሁን አውቄያለሁ።

ሁለተኛ፣ ትእዛዝዎ «ያረጀ ሞተር አደገኛ ነው» ይላል። ሞተርን እርጅና ብቻውን አያበላሸውም። የሚያበላሸው ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁበት ነው፤ የታመቀው ባሩድ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ሞተር ሲለኮስ መንደዱን ትቶ ይፈነዳል። ስለዚህም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምድር ቤቴ በጋ ከክረምት አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ አለው፤ እኔ ላይ ቤት ስንቀጠቀጥም ሆነ በላብ ስጠመቅ እነርሱ አልተሰማቸውም። እርስዎ የወሰዱትን ሣጥን ያኖሩት ከጣቢያው ጀርባ፣ የነሐሴ ፀሐይ በሚያግለው የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው እርስዎ እንዳሉት ቢሆን ኖሮ፣ እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ያራቅሁትን አደጋ እርስዎ በሁለት ቀን ደጃፍዎ ድረስ አምጥተውት ነበር። ለፍጥነትዎ አድናቆቴ ይድረስዎ።

ሦስተኛ፣ በነጻነት ቀን የኳስ ሜዳውን የእንጨት መቀመጫ ያቃጠለው ርችት የማን እንደነበረና ማን እንደለኮሰው አላነሣም። እርስዎ ያስታውሱታል።

አራተኛውን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል።

ኦፓል ሬይንስ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው በአረጋውያን ማረፊያው ነው። በዚያች የቆርቆሮ ወርክሾፕ ባሩድ እየመጠነች በእጅ መጭመቂያ ስትጠቀጥቅ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ወርክሾፗ በተዘጋችበት ሳምንት የሠራቻቸውን በስሟ የመጀመሪያ ፊደል በእርሳስ ምልክት አድርጋባቸዋለች። ከእነዚያ የቀሩት ሰባት ናቸው፤ ሰባቱም እኔ ዘንድ ናቸው፤ ሌላ ቦታ ስለመኖራቸው እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰብሳቢ የለም። ትእዛዝዎን ይዤ ሄጄ አነበብሁላት። ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ ይዤ ነበር። እሷ ግን መነጽሯን አወለቀችና፣ «አንተ ግትር፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አስተኝተሃቸው ምን ተረፋቸው? እኔ የሠራኋቸው እንዲበሩ ነው። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ቤት መስኮት እንኳ አልነበረንም፤ አንዷ ስትበር አይቼ አላውቅም። አንዷን አብርልኝ፤ የቀሩትን ደግሞ ለማንም ባልዲ እንዳትሰጥ» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ሰብሳቢ ሞተር አይተኩስም። የተተኮሰች ሞተር ባዶ ቱቦ ናት። ሴትዮዋን አራት ቀን ተቀይሜ ከረምሁ፤ በአምስተኛው ቀን ግን የሠራችው እሷ፣ የደበቅሁት እኔ መሆኔን አመንሁ።

ስለዚህ ዓርብ ቀትር ወደ ጣቢያዎ አልመጣም። ቤቴን ማሸግ ካሻዎ በሩ ክፍት ነው፤ እኔም ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ወንበሬ ላይ እገኛለሁ፤ ከነወንበሬ ያሽጉኝ። ቅዳሜ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ ከከተማው ወሰን ውጭ ባለው የኦፓል የወንድም ልጅ ሜዳ ላይ፣ አሸዋ ተደልድሎ፣ ሣሩ ታጭዶ፣ ውሃ በጎማ ተዘጋጅቶ፣ ኦፓልም በተሽከርካሪ ወንበሯ ተቀምጣ አንዷ ትበራለች። መለኮሻውን የምትጫነው እሷ ናት። ስድስቱ ምድር ቤቴ ይቀራሉ። ቢገኙልን ክብር ይሰማናል፤ ባልዲዎን ይዘው ቢመጡም እንግዳ ይጠጣበታል።

ለሥልጣንዎ ካለኝ አክብሮት፣ ለትእዛዝዎ ካለኝ እምቢታ ጋር፣ ግሬደር ነጂና ያልተማረ አገልጋይዎ፣

ቨርሊን ስታድለር

ማስታወሻ፦ ዴርክ በጽሑፍ አቅርብ ያለኝ ይኸው። የዘፈዘፋችሁት ሣጥን ውስጥ ባሩድ የለም። እነዚያ ሃያ አራቱ፣ የወርክሾፗ ባለቤት ለሱቅ መስኮት ማሳያ ከጥድ አስጠርቦ ቀለም ያስቀባቸው እንጨቶች ናቸው። ለከተማው ምክር ቤት ባቀረቡት ሪፖርት ላይ፣ «ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ቆይተው አልፈረሱም፤ እንዲያውም ተንሳፈፉ፤ ይህም የአደገኛነታቸውን መጠን ያሳያል» ብለው መጻፍዎን በታላቅ አድናቆት አንብቤአለሁ። ሲመልሱልኝ በጥላ ያድርቋቸው፤ ፀሐይ እንጨትንም ይሰነጥቃል።