የሠርግ ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ዛሬም ባሌ እጁን ሰዶ ያቺን የመብራት ቁልፍ ተጫናት። እኔ መሪውን በሁለት እጄ አንቄ፣ የጎፋ ዳገት ላይ ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ እመቤቴን እየተማጠንኩ ነው፤ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ በዳበሳ የጉም መብራት ያበራል። በጥር! ጉም ቀርቶ የረባ ደመና የለም። ከኋላችን የነበረው ባለታክሲ፣ ቀዩ መብራት ፍሬን የያዝኩ አስመስሎበት ኖሮ ክላክሱን ለቀቀብን። ሲያልፈን አንገቱን አውጥቶ «እማማ፣ ወይ ይቁሙ ወይ ይሂዱ!» አለኝ። እማማ! ገና አርባ አራት ዓመቴ ነው።

ቤት ስንገባ «ለምንድነው የምታበራው?» ብዬ ጮህኩበት። «ያምራል። ሰውም ከሩቅ ያየናል» አለኝ ባሌ ደምሴ። ይህን የሚለው ሃያ ስምንት ዓመት በሾፌርነት የኖረ ሰው ነው! አሁን ግን ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። ከመሥሪያ ቤቱ ሲሰናበት ይህችን አውሮፓ አገልግላ የመጣች ቀይ መኪና ገዛ፤ ጠግቦ ሳይነዳት ዓይኑ ከዳው። አንድ ዓመት ተኩል ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ቆመች። በመጨረሻ እኔ፣ ከጽሕፈት መኪና በቀር ምንም ነክቼ የማላውቀው፣ ኅዳር ላይ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ።

ደግነቱ ዛሬ ትልቅ ወሬ አለ። ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ከውጭ አገር መጥተዋል። ደምሴ ተራ ደርሶታል፦ እሑድ፣ ልክ ስድስት ሰዓት። ሐኪሞቹ ሰኞ ማታ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ከስድስት ሰዓት ያረፈደ ተራው ለሌላ ይሰጣል» ብላ ሁለቴ ነገረችኝ። ጎረቤታችን ሸምሱ በሚኒባሱ ሊያደርሰን ቃል ገብቷል። ተመስገን፣ እኔ መሀል ከተማ ድረስ መንዳት የለብኝም።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ማርያምን ተሳልሜ ወደ ሥራ ሄድኩ። በምሳ ሰዓት የመኪናዋን መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር አነበብኩ። ማታ ለደምሴ እንዲህ ብዬ ተረጎምኩለት፦

ከኋላ ያለው ቀይ የጉም መብራት፦ ጉም ሲኖር ብቻ። አለዚያ የኋለኛውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

ረጅም መብራት፦ ከፊት መኪና ሲመጣ ይቀነሳል። (ይህቺን ሳነብለት ሳል ያዘው።)

ባለ ሦስት ማዕዘኗ ቀይ ቁልፍ፦ አራቱን ፍሬቻ አንድ ላይ ታበራለች። መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ፣ ወይም አደጋ ሲኖር ብቻ።

እዚህ ላይ ሳቁ ፈነዳ። «እሷማ የሠርግ ቁልፍ ናት!» በእኛ ቤት ሌላ ስም የላትም። በየዓመቱ ጥር ሲመጣ ስንት ሙሽራ አጅቧል፤ አራቱን ፍሬቻ ብልጭ ድርግም እያደረገ፣ ክላክሱን እየነፋ። «መጽሐፉ ለአደጋ ነው የሚለው» ስለው «ታዲያ ሠርግስ አደጋ አይደለም?» አለኝ። ትራሱን ወረወርኩበት።

ከዚያ ወሬው መጣለት። ድሮ መሥሪያ ቤታቸው ፍጥነቷን ራሷ የምትይዝ መኪና ነበረች አሉ። ቁልፏን ከተጫኗት በኋላ ነዳጅ መርገጥ የለም። አንድ ባልደረባው ይህን ሲሰማ መሪውንም ራሷ የምትይዝ መስሎት፣ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ እንጀራውን ፈትቶ ምሳውን ሊበላ ሲል ጤፍ ማሳ ውስጥ ገባ። ሰውየው ምንም አልሆነም፤ ምሳው ግን ተደፋ። ደምሴ እንዲህ ከሳቀ ቆይቷል፤ እኔም ወሬውን ለዐሥረኛ ጊዜ እየሰማሁ አብሬው ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 22

እህቱን ልንጠይቅ ፉሪ ሄድን። አቧራ ጠጣን እንጂ በሰላም ደረስን። ዛሬ ሞተሩ የጠፋብኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ለእኔ ድል ነው።

ስንመለስ ጊዜው መሸትሸት ብሎ ነበር። የሚመጣው መኪና ሁሉ ረጅሙን መብራት ለቆታል። እኔ ዓይኔን ጨፈን ገለጥ እያደረግሁ አልፋለሁ፤ ደምሴ ግን ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋው። ሞራው መብራቱን ይበትነዋል መሰለኝ፣ እንደ መርፌ ነው የሚወጋው። አንድ የጭነት መኪና ሲያልፈን «ኧረ በማርያም!» ብሎ ጮኸ።

መኪናው ካለፈ በኋላ ኮፍያውን ቀና አደረገ። ከዚያ «ብርቄ፣ እኔም እንዲህ አደርግ ነበር?» አለኝ።

መዋሸት አልሆነልኝም። «ታደርግ ነበር፤ ያውም እየሳቅህ» አልኩት።

«ስንቱን ሰው አሳውሬያለሁ» አለ፣ በቀስታ። ከዚያ እጁን ሰዶ የጉም መብራቷን ቁልፍ ዳበሳት። ሊያበራት ነው ብዬ ልቆጣው ስል፣ መጥፋቷን ብቻ አረጋግጦ እጁን መለሰ። አንጀቴን በላው። ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ያለ ጸጸት ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 23

ምንም አልነዳሁም። ቢሮ ሦስት ደብዳቤ አበላሸሁ። ደምሴ ራት ላይ «ካልሆነስ?» አለ። «ይሆናል» አልኩት። ወዲያው ተነስቼ ወጥ ላማስል ሄድኩ፤ ወጡ ግን ከወጣ ቆይቷል። ፈርቻለሁ። ለእሱ አልነግረውም፣ ለዚህ ደብተር ግን እነግራለሁ፦ በጣም ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ሸምሱ ጠዋት መጣ፤ ፊቱን እንዳየሁ ገባኝ። «እትዬ ብርቅነሽ፣ በአላህ ይቅር በሉኝ። የሚኒባሱ ባለቤት ለነገ ለሠርግ አከራይቶብኛል። ለምኜው ነበር፣ እምቢ አለ» አለኝ። የእሱ ጥፋት አይደለም። ከሰዓት ሦስት ባለታክሲ ጠየቅሁ። አንዱ ሠርግ፣ ሁለተኛው ሠርግ፣ ሦስተኛው ራሱ ሚዜ።

ስለዚህ እኔ ነኝ የምነዳው።

ደምሴ አልደነገጠም። ሶፋው ላይ አስቀመጠኝና መንገዱን በቃሉ አስጠናኝ። «ዳገቱ ወገብ ላይ ወደ አንደኛ ማርሽ ታወርጃለሽ። አደባባዩ ጋ ከግራሽ የሚመጣውን እዪ። ከዚያ ቀጥ ነው፣ የሆስፒታሉ አጥር በቀኝሽ ነው።» ቡጢውን እንደ ማርሽ እያንቀሳቀሰ፣ እግሩን ምንጣፉ ላይ እየረገጠ። ዓይኑ አያይም፤ ከተማው ግን ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ።

እሑድ፣ ጥር 25

የምጽፈው ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። ግማሼ ፍርሃት ነው፣ ግማሼ ሳቅ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ልክ እሱ ባለበት ቦታ፣ ሞተሩ ጠፋ። አንዴ አስነሳሁ፣ ጠፋ። ደግሜ አስነሳሁ፣ ጠፋ። ከኋላ መኪና ተደረደረ። መጽሐፉ ትዝ አለኝ፦ መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ። ያቺን ባለ ሦስት ማዕዘን ቁልፍ ተጫንኳት። በሕይወቴ አንዴ እንኳ መብራት በትክክል ተጠቀምኩ ብዬ ሳልጨርስ እልልታ ሰማሁ።

ከኋላችን የመጡት ሠርገኞች ነበሩ! አራቱ ፍሬቻ ሲበራ ከእነሱ ወገን የሆንን መስሏቸዋል። ሱፍ የለበሱ ሦስት ጎረምሶች ወርደው እየዘፈኑ ገፉን፤ ሞተሩ ተነሳ። አንዲት ሴት በመስኮት «እንዴ፣ ሪባን አልሰጧችሁም?» ብላ ስፖኪዮው ላይ ነጭ ሪባን አሰረችልኝ። «አይ፣ እኛ እኮ» ብዬ ሳልጨርስ ሄደች። ቆሜ እንዳላስረዳ ሞተሩ እንዳይጠፋ ፈራሁ። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ መሀል ገባሁ።

አደባባዩ ላይ ስንደርስ የባሰው መጣ። ቪዲዮ ቀራጩ ፒካፕ ላይ ቆሟል፤ ሠርገኛው ደግሞ ለቪዲዮው አደባባዩን ይዞራል። አንዴ ዞርን። ሁለቴ ዞርን። መውጫ አጣሁ፤ የቀኝ ፍሬቻ እንዳላሳይ አራቱም እየበሩ ነው፣ በድንጋጤ ማጥፋቱ ጠፍቶኛል። ደምሴ ክላክሱን ሰምቶ «ብርቄ፣ ሠርግ ውስጥ ነን እንዴ?» አለ። ሰዓቴን አየሁ፦ አምስት ሰዓት ከሃያ አምስት። ሦስተኛው ዙር ላይ እንባዬ መጣ። ፍሬን ያዝኩና ወረድኩ።

ነጭ ሱፍ የለበሰ ሚዜ እየሮጠ መጣ። «እናቴ፣ ምን ሆኑ? የማን ወገን ናችሁ፣ የሙሽራው ነው የሙሽሪት?»

«የማንም!» ብዬ ጮህኩ። «የዓይን ሐኪም ወገን ነን! ስድስት ሰዓት ካለፈ ተራው ያልፋል፣ ባለቤቴ ዓይኑን አያገኝም!»

ሚዜው ደምሴን አየው። ደምሴ ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ዞሮ በአክብሮት ፈገግ እያለ ነበር። ልጁ ወደ ፊት ሮጠ። መንገድ ሊያስለቅቅልኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ከሙሽራው መኪና ተመልሶ «ይከተሉን» አለኝ።

ጠቅላላ ሠርገኛው ወደ ሆስፒታሉ ዞረ! ፒካፑ ከፊት፣ እኛ ከሙሽራው መኪና ኋላ፣ የቀረው ሁሉ ከኋላችን ክላክሱን እየነፋ። ለብቻዬ ብሆን ማን መንገድ ይሰጠኝ ነበር? ለሠርግ ግን ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ሌላውን አቁሞ አሳለፈን። ለስድስት አሥር ጉዳይ ላይ በሩ ጋ ቆምን። ዘበኛው «ሠርግ እዚህ አይደለም!» እያለ እጁን አወናጨፈ።

ሙሽራው ራሱ ወርዶ ደምሴን ደግፎ አወረደው። «አባቴ፣ እግዜር ይማርዎ። ሲሻልዎት ቪዲዮው ላይ ራስዎን ያያሉ» አለው። ሙሽሪት እቤቷ እየጠበቀችው፣ አማቾቹ ምን ሆነ እያሉ! ደምሴ እጁን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። እኔም ከእልልታው መሀል «ውለዱ፣ ክበዱ» አልኩ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። የማን ልጆች እንደሆኑ ሳላውቅ እስክሞት እመርቃቸዋለሁ።

ቀኝ ዓይኑን ተሠርቶ ወጥቷል። በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ነገ ይፈታል።

ሰኞ፣ ጥር 26

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፈቱለት። ነርሷ ጣቷን አንስታ «ስንት ነው?» አለችው። «ሦስት» አለ። ሦስት ነበር። ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ለረጅም ጊዜ ትክ ብሎ አየኝ። ደስ አላለውም እንዴ ብዬ ሻሼን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ብርቄ፣ ሸብተሻል እኮ» አለኝ።

«ከሸበትሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

ምን ብዬ ልነግረው ነበር? ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ነርሷ ለደምሴ ሳይሆን ለእኔ ውኃ አመጣች። የግራ ዓይኑ ገና ነው፤ ሐኪሞቹ ተመልሰው እስኪመጡ ይጠብቃል፤ ይምጡ አይምጡ እንጃ። ለዛሬ ይበቃኛል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ ነዳሁ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ወረድኩት። ደምሴ አንድም ቁልፍ አልነካም፣ አንድም ትእዛዝ አልሰጠም። ዘወር ብዬ ሳየው በዚያች በአንዷ ዓይኑ ትክ ብሎ እኔን ነው የሚያየው። «ሃያ ስምንት ዓመት የነዳህ ሰው አይደለህም? መንገዱን እይልኝ እንጂ!» አልኩት።

«መንገዱን አንቺ እዪው» አለኝ።