ልጄ ልዩ ፍላጎት የላትም ስላላችሁኝ አመሰግናለሁ

ለፀሐይ ግባት የቤተሰብ መዝናኛ ፓርክ
ሥራ አስኪያጅ ለተከበሩ አቶ ዋሲሁን
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ የባቡሯን የመጨረሻ ፉርጎ ይመለከታል

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን ካቀረብኩ በኋላ የክቡርነትዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ በተለይ ደግሞ የጉልበትዎን ነገር እጠይቃለሁ። ጉልበትዎን ከሌላው አካልዎ ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሚመሩት ፓርክ ውስጥ ጉልበቱ እንቢ ያለው ሰው ምን እንደሚገጥመው በዓይኔ ስላየሁ፣ እርስዎ እንዲህ ያለው ነገር ሳይደርስብዎት፣ የቢሮዎን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ የሚወጡበት ዘመን እንዲረዝም ከልቤ ስለምመኝ ነው።

ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ባለፈው ወር ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ያነጋገርኩዎት፣ እርስዎም በትሕትና ተቀብለው የፓርኩ ስም የተጻፈበት ኮፍያ ሰጥተው የሸኙኝ ሴት ነኝ። አለምነሽ ወንድይፍራው እባላለሁ፤ እዚሁ ሀዋሳ አማርኛ አስተምራለሁ። ያን ዕለት አቤቱታዬን ሰምተው ሲያበቁ «እናየዋለን» ብለውኝ ነበር። ቃልዎን እንደጠበቁ አልጠራጠርም፤ ይኸው እስከ ዛሬ እያዩት ነው። ደብዳቤዬን ለሁሉም ግልጽ አድርጌ መጻፌም ክቡርነትዎ ብቻዎን ከሚያዩት የከተማው ሰው አብሮ ቢያየው ድካምዎ ይቀልልዎታል ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ላስረዳ። ፓርካችሁ የሐይቁን ዳርቻ ይዛ የምትጓዝ፣ ደስ የምትል ትንሽ ባቡር አለችው። ባቡሯ የምትወስደው ጉማሬ ወደሚታይበት ሰገነት ነው። ወደዚያ በእግሩ የሚሄድ ሰው ብዙ የድንጋይ ደረጃ ይጠብቀዋል፤ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ግን ከባቡሯ በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ባቡሯ ስትገዛ ይህን ያሰበ አንድ ደግ ሰው (እርስዎ እንዳልሆኑ ዘግይቼም ቢሆን ተረድቻለሁ) የመጨረሻዋ ፉርጎ መቀመጫ እንዳይኖራት፣ ይልቁንም በጎኗ የሚዘረጋ መወጣጫ፣ ከወለሏም ላይ ዊልቸር የሚታሰርበት ቀበቶ ያላት እንድትሆን መርጦ አስመጥቷል። በጎኗ ላይ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር ደግሞ እናንተ «ለልዩ ፍላጎት» ብላችሁ ጽፋችኋል።

ልጄ ኢያኤል አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ ምላሷ ግን ለሦስት ሰው ይበቃል። ያቺን ፉርጎ በማስታወቂያችሁ ላይ ካየች በኋላ፣ የክፍሏ ልጆች ለዘንድሮው ጉብኝት የት እንሂድ እያሉ ሲጨቃጨቁ፣ እርሷ ተከራክራ፣ አግባብታ፣ ያኮረፈውንም አስታርቃ ፀሐይ ግባትን አስመረጠች። ከዚያ በፊት ክፍሉ የመረጠው ቦታ ሁሉ እርሷ በር ላይ የምትቀርበት ነበር። በዚህኛው ግን ጋባዧ እርሷ ሆነች። ቢሮዎ ከመምጣቴ በፊት በነበረው ቅዳሜ ዊልቸሯን ባጃጅ ጣራ ላይ አሳስረን ስንመጣ፣ ጉማሬ ውኃ ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ስለሚቆይበት ነገር እኔንም ባለ ባጃጁንም መንገዱን ሙሉ ስታስተምረን መጣች።

እንግዲህ ውለታችሁን በተራ ቁጥር ልዘርዝር።

አንደኛ፣ በዚህ ዕድሜዬ አማርኛ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ተራችን ደርሶ ወደ ፉርጎዋ ስንጠጋ፣ በውስጧ ሙሽራና ሙሽሪት፣ ሚዜዎቻቸው፣ የቪዲዮ ባለሙያውና ከሁሉም በላይ ቦታ የያዘ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ነበሩ። የባቡሯን ተቆጣጣሪ አቶ ሰኢድን ጠየቅኋቸው። አቶ ሰኢድ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የምጽፈው። ጽሑፉን በጣታቸው እያሳዩ፣ ፉርጎዋ ልዩ ፍላጎት ላላቸው እንግዶች እንደሆነች፣ ሙሽሮች በሐይቁ ዳር ፎቶ መነሣት ልዩ ፍላጎታቸው እንደሆነ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ወረፋ አለመያዝ ልዩ ፍላጎታቸው እንደሆነ በትዕግሥት አስረዱኝ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እያዘኑልኝ፣ «የእርስዎ ልጅ ግን፣ እህቴ፣ ያለባት የአካል ጉዳት ነው እንጂ ልዩ ፍላጎት አይደለም» አሉኝ። ሥዕሉስ ብላቸው፣ ሥዕሉ ፉርጎዋ ስትገዛ አብሯት የመጣ ነው አሉ።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ይህን ሐረግ ስንት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እንዲህ ሊፈታ እንደሚችል ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ደግሞ አቶ ሰኢድ እውነታቸውን ነው። ልጄ የፈለገችው ከክፍሏ ልጆች ጋር አንድ ባቡር ላይ ወጥታ ጉማሬ ማየት ነው። የክፍሏ ልጆች ሁሉ የፈለጉት ይህንኑ ነው። ምኑ ነው ልዩ?

ሙሽሪትን አልወቅስም። ልጄን አየቻት፤ ለምን እንዳልተሳፈረች ጠየቀች፤ ሲነግሯት ቬሎዋን ሰብስባ ለመውረድ ተነሥታም ነበር። የቪዲዮ ባለሙያው ፀሐይዋ ልታመልጠን ነው አላት፤ አቶ ሰኢድም ይቀመጡ፣ ለእርስዎ የተዘጋጀ ነው አሏት። ተመልሳ ተቀመጠች። የክፍሉ ልጆች ቦርሳ ይዞ መሳፈር ክልክል ነው ተብለው ስለነበር፣ አንድ በአንድ ቦርሳቸውን ኢያኤል ጭን ላይ እየደረደሩ ወደ ፊተኞቹ ፉርጎዎች ገቡ። መምህርታቸው ራሔል አብራን ልትቀር ብትልም ልጆቹን ብቻቸውን መስደድ አልቻለችምና ሄደች። ጋባዧ ዕቃ ጠባቂ ሆና ቀረች። ያ ቪዲዮ አሁን በአንድ ያማረ ሳሎን ውስጥ ለእንግዳ እየታየ ይሆናል፤ ከሙሽሪት ትከሻ ጀርባ፣ ቦርሳ የተከመረባት አንዲት ልጅ ለሚሄዱት እጇን ስታውለበልብ ያየ ሰው ካለ፣ እርሷ የእኔ ናት።

ሁለተኛ፣ ሃይማኖቴን ስላጠናከራችሁልኝ አመሰግናለሁ። ቀጣዩን ዙር ስንጠብቅ፣ በሩ ላይ ለደከመው ሰው ከምታውሱት ዊልቸር አንዱ ላይ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ፣ ጓደኞቹ እየገፉት፣ ወረፋውን ሁሉ አልፎ መጣ። ሰው እያዘነለት መንገድ ለቀቀ። እኔም አዘንኩለት፤ እንዲያውም ልጄ ፈንጠር ብላ ቦታ እንድትሰጠው ነገርኳት። መወጣጫው ጫፍ ሲደርስ ብድግ አለ፤ ጓደኞቹም ተከትለውት እየተሯሯጡ ገቡ፤ ፉርጎዋም ሞላች። ሽባ ሲተረተር ለማየት ስንቅ ቋጥረው ሩቅ አገር ጠበል የሚወርዱ ምእመናን አሉ። ለካስ እዚሁ ከሐይቃችን ዳር፣ ያለ ጾም ያለ ጸሎት ይፈጸም ኖሯል። ባዶዋ ዊልቸር ደግሞ ለቀጣዩ በሽተኛ ወደ በሩ ተመለሰች። ልጄ በዚያው ስፍራ ከሁሉም ሰው ረዘም ላለ ጊዜ ብትቆይም ተአምሩ አልደረሳትም።

ሰዎቹ እየሳቁ ነበር። በእኛ አልሳቁም፤ አላዩንም። እናቴ እንዳሳደገችኝ ቢሆን እንዲህ ያለ ቃል በደብዳቤ ላይ ባልጻፍኩ፤ ነገር ግን የተሰማኝ ንዴት አልነበረም። በሽንት ቤት በር ያለፍኩ ያህል አፍንጫዬን መያዝ አሰኘኝ።

ሦስተኛ፣ በሦስተኛው ዙር ፉርጎዋ ባዶዋን መጣች። ባዶዋን ስል ሰው አልነበረባትም ማለቴ ነው። መወጣጫው እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የተጠበሰ ዓሣ ተበልቶበት ኖሮ፣ አጥንቱ፣ ዳጣው፣ የተጨማደደው ሶፍትና ዘይቱ እንዳለ ነው። የዊልቸር ማሰሪያ ቀበቶዎች ወደ ሰገነቱ ሱቅ የሚሄዱ የለስላሳ ሣጥኖችን አንገት ለአንገት አስረዋል። ለስላሳውም ልዩ ፍላጎት እንዳለው ያን ጊዜ ተረዳሁ። አቶ ሰኢድ ሊረዱን ፈልገው መወጣጫውን ወደ እኛ ቢያወርዱት፣ በማጠፊያው ውስጥ የዓሣ አጥንት ገብቶ አልንቀሳቀስ አለ፤ ቢመቱት፣ ቢገፉት፣ እጃቸውን ዘይት በዘይት አደረገው እንጂ አልወርድ አለ። ዝንቦቹ ወረፋ ሳይጠይቋቸው ተሳፍረው ሄዱ። ኢያኤል ግን በዚያ ጊዜ ስለ ጉማሬ ማውራቷን ትታ ነበር። ቦርሳዎቹን በቀለማቸው ለይታ ስታስተካክል አየኋትና ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ።

አራተኛ፣ ስለ ሸክሙ። ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ለወደፊቱ ሁለት ጎበዝ ሠራተኞች ልጅቷን አንሥተው ተራው ፉርጎ ውስጥ ሊያስቀምጧት እንደሚችሉ፣ ዊልቸሯም በረት ውስጥ እንዳለ ጊደር ጣቢያው ላይ ታስራ ልትጠብቃት እንደምትችል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሐሳቡ በደግነት የቀረበ ስለሆነ በደግነት ልመልስልዎ። ኢያኤል ልብስ የምትመርጥ፣ ፀጉሯን ሌላ ሰው ሲነካት የማትወድ፣ ለአቅመ ሔዋን እየተጠጋች ያለች ሴት ልጅ ናት። በክፍሏ ወንዶች ፊት፣ የማታውቃቸው ሰዎች በብብቷና በጭኗ ይዘው እንዲያነሷት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ልዩ ፍላጎት ያለው እርሱ ነው።

ኮፍያውን በተመለከተም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ልጄ ተራ የምትጠብቅበት ጣቢያ ጥላ ስለሌለው በሚገባ ታስቦበት የተሰጠ ስጦታ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሣ። ባለፈው የሲዳማ የዘመን መለወጫ፣ በፍቼ በዓል፣ ኢያኤልን ይዤ ጉዱማሌ አደባባይ ሄጄ ነበር። ያን የሚያህል ሕዝብ ባለበት፣ ሥዕል በሌለበት፣ ጽሑፍ በሌለበት፣ ተቆጣጣሪም በሌለበት፣ ሰዉ ዊልቸሯን ሲያይ ግራና ቀኝ እየተከፈለ ከፊተኛው ረድፍ አደረሳት። አንዲት የማናውቃቸው እናት ፀሐይ እንዳይመታት ነጠላቸውን ዘርግተውላት ዋሉ። ስለዚህ የሀዋሳ ሰው አያውቅም፣ ገና ነው፣ ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል የሚለውን ነገር እባክዎ አይንገሩኝ። ሰዉ ያውቃል። ከእናንተ በር ሲገባ ነው የሚጠፋበት።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ፉርጎዋን ለተሠራችላቸው ሰዎች ያድርጉልን፤ እነርሱ ከሌሉ ባዶዋን ትሂድ፤ ባዶዋን ብትሄድ አትዋረድም፤ የተሠራችለት ሰው ሲመጣ ዝግጁ ሆና ትገኛለች። ይህ የሚከብድዎ ከሆነ ደግሞ ቀለም ቀቢ ልከው ሥዕሉን ያስጠፉልን። እስከ ዛሬ በዚያች ፉርጎ ሰገነቱ ድረስ ደርሶ ጉማሬ ያየ ባለ ዊልቸር እኔ የማውቀው በጎኗ የተሳለውን ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብቻውን መሄዱ ሳይሰለቸው አልቀረም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጉልበትዎ ጽናት፣ ለመወጣጫው ማጠፊያ ምሕረት እየተመኘሁ፣ ከወረፋው መጨረሻ እጅ እነሣለሁ።

አለምነሽ ወንድይፍራው
ልዩ ፍላጎት የሌላት ልጅ እናት

ግልባጭ፦
ለአቶ ሰኢድ (ከልብ ሰላምታ ጋር)
ለተፈወሰው ጎልማሳ
ለዝንቦቹ፣ ባሉበት

ማስታወሻ፦ ከጉብኝቱ በኋላ በነበረው ሰኞ የክፍሏ ልጆች ለምን እንዳልተሳፈረች ሲጠይቋት፣ ኢያኤል «ፉርጎዬ ተበላሽታ ነው» አለቻቸው። ልጄ እንዲህ ስትዋሽ አላውቃትም፤ የጋበዘችበትን ቤት በእንግዶቿ ፊት ማዋረድ ከብዷት ነው። እስካሁን ለፓርካችሁ ስም የተጨነቀ ሰው ካለ እርሷ ብቻ ናት። ልጆቹ ግን አምነዋት ኖሮ እስከ ዛሬ በየጠዋቱ «ፉርጎሽ ተሠራች?» እያሉ ይጠይቋታል። ትናንት መልስ ሲያልቅባት ወደ እኔ መጥታ ምን ልበላቸው አለችኝ፤ እኔም የክቡርነትዎን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ «እናየዋለን ተብሏል በያቸው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እንግዲያው አትሠራም በይኛ» አለችኝ።