ከንብረት ቁጥር 014 ላይ ስለተላጠው መለያና ስለ እማዬ እሑዶች

ጉዳዩ፦ ለጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ታላቅ ወንድሜ፣
ለቤታችን የግዥና የንብረት አስተዳደር የበላይ ኃላፊ
ሳሎን

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ መነጽርዎ፣ እንዲሁም ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንኳ ከኮትዎ ኪስ ተለይቶ የማያውቀው የጎማ ማኅተምዎ እንደምን አሉ? እኔ ታናሽ እህትዎ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው የስፌት ክፍሌ ውስጥ፣ ከማስጠንቀቂያዎ በስተቀር ምንም ሳይነካኝ ደኅና ነኝ። በአዘቦት ቀን «ጋሼ፣ ና ምሳ ቀርቧል» ብዬ የምጠራዎትን ሰው ዛሬ «እርስዎ» ማለቴ የተቀየምኩ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ፤ ነገር ግን በማኅተም ለመጣ ሰው በማኅተም ልክ መመለስ ተገቢ ነው ብዬ ነው።

ባለፈው ሰኞ ከቁርስ በፊት፣ በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ፣ ከአባታችን ፎቶግራፍ ሥር የለጠፉትን ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ጥፋቴ «ከንብረት ቁጥር 014 ላይ የንብረት መለያውን ያለ ፈቃድ መላጥ» ተብሎ ተገልጿል። ልጬዋለሁ፣ አልክድም። ይህን መልሴን ከደብዳቤዎ ጎን የለጠፍኩት የሚወጣና የሚገባው ሁሉ እንዲያነበው ነውና፣ እንግዳ ሰው እንዳይደናገር ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ፤ ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለ።

እናታችን መስማት ካቆመች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የምታዳምጠው የሰው ከንፈር እያየች ነው። ከሁሉም አጥርታ የምታነበው ደግሞ በሌላ ከተማ የምትኖረውን የታናሽ እህቷን፣ የአክስታችንን ከንፈር ነው፤ እህቷ ጥርስ ሳታወጣ ጀምሮ የምታውቀው ከንፈር ነውና። ስለዚህ ለእማዬ ተራ ስልክ ማለት ዝም ያለ ዕቃ ነው። እሑድ እሑድ ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ፊት ትቀመጥና ሁለቱ እየተያዩ ሰዓቱን ይበሉት ነበር። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ግን በጓሮው ክፍል ተኝታለች፤ በዚያና በሳሎኑ መካከል አራት ደረጃ አለ፣ እሷ ደግሞ አንዱንም አትወጣም። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የስልክ መስመር ሠራተኛ ስለነበር በገዛ እጁ የኢንተርኔት ገመድ በግድግዳው ውስጥ እየሳበ እስከ ስፌት ክፍሌ አድርሷል። የጓሮው ክፍል ግን ያኔ ዕቃ ቤት ነበርና ገመድ አልደረሰውም። የሞባይል ኔትወርክም እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል። የሚያስፈልገን እንግዲህ ዋይፋይ ብቻ ነበር፤ ለአንዲት አሮጊት፣ ለአንድ ታብሌት፣ በሳምንት አንድ ቀን። ይህን ካመለከትኩ ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነቡ አውቃለሁና።

1. እኔ እንደ ማይም «ወጣ ብለን ከሱቅ አንዷን እንግዛ» ስል፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ገሥጸውኝ የዕቃ መረጣ ኮሚቴ ስላቋቋሙ አመሰግናለሁ። ሰብሳቢው እርስዎ፣ ጸሐፊዋ ባለቤትዎ፣ ገለልተኛ ታዛቢው ደግሞ ጎረቤታችን ጡረተኛው ሹፌር ናቸው። እኔና እማዬ «ተጠቃሚ ክፍል» ተብለን ከስብሰባው ውጭ እንድንጠብቅ ተደርጓል። ታዛቢው በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ሲያንኮራፉ እስከ ስፌት መኪናዬ ድረስ ቢሰማም፣ በቃለ ጉባኤው «በጥልቅ ጥሞና ተሳትፈዋል» ተብሎ መመዝገቡን በአድናቆት አንብቤያለሁ።

2. ከሦስት ሱቆች ፕሮፎርማ አሰብስበው ያወጡትን የመምረጫ መስፈርት ደግሞ ልቆርጥ ካዘጋጀሁት ጨርቅ በላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከመቶው ሠላሳው ለአንቴና ብዛት፣ ሃያ አምስቱ ለዕቃው ክብደት («ከባድ ዕቃ አያታልልም» የሚል ማብራሪያ ተያይዞበታል)፣ ሃያው ለካርቶኑ ጥንካሬ፣ ሃያው ሻጩ ለሚሰጠው የዋስትና ወረቀት ጥራት፣ የቀረው አምስቱ ደግሞ «ዋይፋዩ እማዬ ክፍል መድረስ አለመድረሱ» ለሚለው ተመድቧል። እናታችን ከካርቶኑ በአሥራ አምስት ነጥብ ብቻ መበለጧ የሚያኮራ ነው። እኔ ባልጠይቅ ኖሮ ከነጭራሹ ትረሳ ነበርና።

3. ማዕዘን ላይ ሱቅ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ በእኔ ልመና መጥቶ፣ ኮሪደሩን አንዴ ብቻ ተመላልሶበት፣ «እትዬ፣ ይሄ ምን ያስቸግራል? አባታችሁ ገመዱን እስከ አንቺ ክፍል አምጥተውልሻል። ከጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ የዋይፋይ ማሠራጫ ብትሰኪ የእናትሽ ክፍል ከግድግዳው ማዶ ነው፣ አለቀ» ማለቱ ይታወሳል። እርስዎም ምክሩን በአክብሮት ተቀብለው፣ «ትንሽ የሚለው ቃል በመስፈርቱ ውስጥ የለም፤ ባለሙያውም የኮሚቴው አባል አይደለም» በማለት ከፋይሉ ጋር አያይዘው አስቀመጡት። ሰውየው ሲወጣ ጆሮዬ ላይ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም፤ እማዬ ግን በተከፈተው በሯ ከንፈሩን አይታ ሳቀች።

4. በዘጠነኛው ሳምንት ባለ ስምንት አንቴናው፣ ተገልብጦ የሞተ ሸረሪት የሚመስለው ዕቃ በሙሉ ድምፅ አሸነፈ። ሳሎን በመስተዋት ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት እንዲቀመጥ፣ ቁልፉም በእርስዎ እጅ እንዲሆን ተወሰነ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ፣ ማኅተሙ ደርቆ፣ ሱቁ ሲደረስ ግን ዕቃው አልቋል። እኔ አለቀስኩ። እርስዎ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው አጽናንተውኝ መረጣውን ከአንድ ጀመሩት። ክቡር ሆይ፣ የእኛ እንቁላል እኮ በእግሩ ሄዶ፣ ዶሮ ሆኖ፣ አርጅቶ ላባው ረግፏል።

5. በእነዚህ ሳምንታት ከበሩ አልፈው ወደ እማዬ ክፍል የዘለቁት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ፤ እሱም ከሳሎን እስከ አልጋዋ ያለውን ርቀት በሜትር ለመለካት። በአልጋዋ ላይ ሜትሩን ዘርግተው፣ «አሥራ አራት» ብለው ጽፈው ወጡ። እማዬ ለመጋረጃ የሚለኩ መስሏት ቀለሙ ሰማያዊ ይሁን ብላለች። ሌላውን ቀን ጠዋት ጠዋት ከበሩ ላይ ሆነው እጅዎን አንሥተው ሰላም ብለዋት ይሄዳሉ፤ እሷም እጇን ታነሣለች።

ስድስተኛው ምስጋና ሳይሆን የእኔው ኑዛዜ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሳሎኑን ሳጸዳ የኢንተርኔቱን ሳጥን፣ ማለትም ንብረት ቁጥር 014ን፣ በጨርቅ ስወለውል የመለያው ወረቀት አንድ ጥግ ተነሥቶ አየሁ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተነሣ ጫፍ አይቼ ማለፍ አልችልም። ሳብኩት፣ ተላጠ። ከሥሩ አንዲት ቁልፍና አንዲት የጠፋች መብራት ነበሩ። ቁልፏን ተጫንኳት፤ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች፤ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬም አዲስ ዋይፋይ ማግኘቱን አበሰረኝ።

ክቡር ሆይ፣ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ፤ ሳጥኑ ዋይፋይ ነበረው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ሳጥኑ ከካርቶን በወጣባት ደቂቃ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ መለያ ሊለጥፉበት ደርሰው፣ እንዳይነሣም በአውራ ጣትዎ ጥብቅ አድርገው ሲጫኑት፣ ቁልፏን ዘግተዋታል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን ወርቁ ራሱ ተቆጥሮ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አፉ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ኖረ። በማስጠንቀቂያዎ ሦስተኛ አንቀጽ «ይህን አስቀድሞ አለማሳወቅ የሻጩ ጥፋት ነው» የሚለውን ሳነብ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት በመዝገብ ቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ ተማርኩ።

በማግሥቱ እሑድ የእማዬን አልጋ እስከ በሩ ድረስ ገፋሁት፤ ከሳሎን የሚመጣው ዋይፋይ ያንን ያህል ብቻ ነው የሚደርሰው። አክስታችን በታብሌቱ ላይ ብቅ ስትል እማዬ መጀመሪያ ያለችው «አንቺ! ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ነበር። ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ስፌቴ ረጠበ። ከዚያ አክስታችን «ትናንት ሐኪሙ ምን አለኝ መሰለሽ» ብላ ጀመረችና፣ አፏ እንደተከፈተ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ከዚያም ጠፋ። ከንፈር እያየ ለሚሰማ ሰው፣ የደረቀ ምስል ማለት በዐረፍተ ነገር መሐል የተዘጋ በር ነው።

ወዲያው በእኔ ስልክ ደወልኩ። ሐኪሙ ያሏት ጨው እንድትቀንስ ብቻ ነው። በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለእማዬ አሳየኋት። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ «ወረቀት ላይ ሁሉም ሰው ደኅና ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቷ የደበቀቻት በሽታ አለ ብላ እህል አልወርድ ብሏታል። በአፏ ስትነግራት ካላየች አታምንም፤ እኔም አልፈርድባትም።

አሁን ቀልዱን ትንሽ ልተወውና እንደ እህት ልናገር። ለምን እንደሚዘገዩ ይገባኛል። ያኔ ጆሮዋ ሲደክም፣ ማንንም ሳይጠይቁ፣ በጥድፊያ፣ ከመንገድ ላይ የገዙላት የጆሮ ማዳመጫ ነበር። ሌት ተቀን ሲያፏጭባት ሰንብቶ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ለእሷ የሚሆን ዕቃ ሊገዙ ባሰቡ ቁጥር ፕሮፎርማ እንደሚደረድሩ አይቻለሁ። ታሳዝነኛለህ ጋሼ። እሷ ግን ያንን ዕቃ እስከ ዛሬ በመሐረብ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች፤ ልጣለው ስላት «ዕቃው መጥፎ ነው፤ ያመጣልኝ ልጅ ግን መጥፎ አይደለም» ብላኛለች።

ወደ ሥርዓታችን ስንመለስ፣ ጥያቄዬ አንድ ነው። ጠጋኙ የተናገረላት ትንሽዋ ማሠራጫ፣ አንቴናዋ የማይታይ፣ ክብደቷ ከመቀሴ የቀለለ፣ ካርቶኗም ለመስፈርትዎ የሚያሳፍር፣ ከፊታችን እሑድ በፊት በስፌት ክፍሌ ግድግዳ፣ በአባታችን ገመድ ጫፍ ላይ እንድትሰካ ይፈቀድልኝ። ፈቃድዎ ቢዘገይ ደግሞ በዚያው በለመድኩት መንገድ፣ ያለ ፈቃድ እሰካታለሁ። ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ለመለጠፍ እንዳይቸገሩም በሰሌዳው ላይ አራት መርፌ ቁልፎች ትቼልዎታለሁ።

ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ፋይልዎን አይጥ አይድፈረው እያልኩ፣ በደረጃ ዝቅ ብዬ፣ በድምፅ ግን ከፍ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የተጠቃሚ ክፍል ተወካይ፣
ታናሽ እህትዎ፣ ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦
ለእማዬ (በትልልቅ ፊደል)
ለአክስታችን (በስልክ የሚነበብላት)
ለኮምፒውተር ጠጋኙ (ለሞራሉ)
ለገለልተኛው ታዛቢ (ሲነቁ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የተላጠው መለያ አልጠፋም፤ ንብረት ጎደለ ተብሎ እንዳይፈለግ የት እንዳለ ላሳውቅ። እማዬ ከእጄ ተቀብላ የአልጋዋ ራስጌ ላይ፣ ከራሷ በላይ ለጥፋዋለች። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «ቁጥር ያለውን ነገር እኮ ወንድምሽ በየሦስት ወሩ ቀርቦ ያየዋል» አለች። የሚቀጥለው የንብረት ቆጠራ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ርቀቱ ግን በራስዎ መለኪያ አሥራ አራት ሜትር ነው።