የሊሴቦ ድምፅና የማክሰኞው መብረቅ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ሞኤኬትሲ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? ባለፈው ስትደውል እርሻው ላይ የምሸከመው የወይን ሣጥን ወገቤን ያዘኝ ብለህ ነበር፤ እውነት ተሻለህ ወይስ እንዳልጨነቅ ብለህ ነው? እዚያ ኬፕታውን ንፋሱ ክፉ ነው ይላሉ፣ ብርድ ልብስህን አትጣል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በቆሎው ጉልበት ደርሷል። አክስታችን እትዬ ማፖሎኮ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ምላሳቸው ያው ነው፣ ታውቃቸዋለህ። ልጅህ ኬኔዌም አድጋለች፤ አምና የላክህላት ጫማ አልገባ ብሏታል።

ወንድም ዓለም፣ ይህን የምጽፍልህ ድንጋጤው ገና ሳይለቀኝ ነው። ላፕቶፑን ትተህልኝ ስትሄድ «የሊሴቦን ድምፅ አደራ፣ ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው» ብለኸኝ አልነበር? ባለቤትህ ሊሴቦ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ታማ ተኝታ ለልጇ የቀዳቻቸው ተረቶች እዚያው ናቸው። ኬኔዌ እነሱን ሳትሰማ አትተኛም። እናቷ «ተረት ልንገርሽ?» ብላ ዝም ስትል፣ እሷ ከአልጋዋ ሆና «ንገሪኝ!» ትላታለች። ሌላ እናት አታውቅም።

ለኮሌጁ ትምህርት የሚያስፈልገኝ የካርታ ሥራ ፕሮግራም በአሮጌው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልሠራ አለኝ። መምህሩ «አሮጌውን አጥፊና አዲስ ጫኚ» ቢለኝ እምቢ አልኩ። አሮጌው ሳይነካ አዲሱን ከጎኑ መጫን ይቻላል፤ ዲስኩን እንደ አባት መሬት ለሁለት መክፈል ነው። ለጥንቃቄ ብዬ ተረቶቹን በፍላሽ ገለበጥኩ። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ያንኑ ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አዲሱን ሲስተም አስጫንኩበት! ሲስተሙ ሲጫን ፍላሹ ላይ የነበረውን ሁሉ ጠርጎ እንደሚያጠፋ አላወቅሁም። ያወቅሁት ማክሰኞ ከሰዓት፣ ዲስኩ መከፈል ከጀመረ በኋላ ፍላሹን ከፍቼ ሳይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማሽኑ «ሳይጨርስ እንዳያጠፉት፣ ያለው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል» ይላል፤ ባትሪው ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፣ ገመዱ ከተነቀለ ወዲያው ነው የሚጠፋው።

ሰማዩ በማሉቲ ተራሮች በኩል ጠቆረ። የእትዬ ባለቤት ሬዲዮ እየሰሙ መብረቅ ከወሰዳቸው ወዲህ በዚህ ቤት ያለውን ሥርዓት አትረሳውም። እትዬ መስተዋቱን ሸፈኑ፣ የፍሪጁን ገመድ ነቀሉ፣ የቴሌቪዥኑንም ነቀሉ፤ ቀጥሎ ወደ እኔ መጡ።

«ንቀይው» አሉኝ።

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኩ።

«እኔስ ልታገሥ፣ መብረቁን ማን ያስታግሥልሻል? ተምረሽ ተምረሽ መጨረሻሽ ይኼ ነው? እኔ ሬሳ መገነዝ ታክቶኛል!»

እጃቸውን ወደ ሶኬቱ ሲሰዱ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የአክስቴን እጅ ያዝኩ። እንዲህ ያለ ድፍረት በዕድሜዬ ፈጽሜ አላውቅም። «የሊሴቦ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም! ከነቀሉት ዳግመኛ ትሞትብናለች» አልኳቸው።

በዚህ መሐል ቤቱ በብርሃን ነጭ ሆነ፣ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፣ ኬኔዌ ጮኸች። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ወኔዬ ከዳኝ። በድምፅ ምክንያት ልጂቱን ራሷን ልገድል ነው ብዬ፣ ልነቅለው እጄን ዘረጋሁ። አሁን ደግሞ የእኔን እጅ የያዙት እሳቸው ሆኑ። «ተዪው» አሉኝ። ልጅቷን በብርድ ልብሳቸው ጠቅልለው ከሶኬቱ ርቀው ጥግ አስቀመጧት፤ ራሳቸው ግን ተመልሰው ከጎኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «ያኔ ባሌን ብቻውን ትቼው ወጣሁ» አሉ።

ዝናቡ ጋብ ሲል «ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ማሽኑን አጥፍቼ ስከፍተው ጥቁር ገጽ ላይ ሁለት መስመር አሳየኝ፣ የላይኛው አዲሱ፣ የታችኛው አሮጌው። በታችኛው ገባሁ። ዲስኩን ልመርምር ብሎ ቆመ፣ እኔም ነፍሴ ተንጠልጥላ ቆየች። በመጨረሻ ተከፈተልኝና ተረቱን ነካሁት። «ተረት ልንገርሽ?» አለች ሊሴቦ። ኬኔዌ አፏን ሳትከፍት እትዬ ማፖሎኮ «ንገሪኝ» ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬ አለቀስኩ።

አሁን በሦስት ቦታ ገልብጬዋለሁ። አንዱን በትንሽ ካርድ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። እስከ ዛሬ ሰምተኸው እንደማታውቅ አውቃለሁ፤ አላስገድድህም፣ ግን ካንተ ጋ ይሁን።

እትዬ ማፖሎኮ «ሆዱን ይጠብቅ፣ ሥጋ ብቻ አይብላ» ብለው ሰላም ይሉሃል። ጎረቤታችን ጋሽ ሌትላትሳ «ላሜ መውለዷን ንገሪው» ብለውኛል። ልጅህ ኬኔዌ ጉንጭህን ትስማለች። ላፕቶፑ ሲከፈት የታችኛው መስመር የእናትሽ ነው ብዬ አሳይቻት ነበር። ትናንት ጣቷን የላይኛው ላይ አድርጋ «አባዬ ያለው በዚህኛው ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ወንድም ዓለም፣ ለገና ና።

እህትህ ፑሴሌትሶ
ሌሪቤ፣ ሌሶቶ
ሐሙስ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 2022