የማን ትንፋሽ አረጋጋኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ሆሳዕና

ዛሬም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ደረቴን አፍኖኝ ነበር። ስልኬ ላይ የማያት የዮጋ አስተማሪ፣ በአዩርቬዳ፣ በጥንቱ የህንድ ሕክምና፣ የቀኝ አፍንጫ ትንፋሽ ያሞቃል፣ የግራው ያቀዘቅዛል፣ ሁለቱን ማመጣጠን ያረጋጋል ትላለች። ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንዱን አፍንጫዬን በጣቴ እንደያዝኩ አማቴ ገቡ። እያለቀስኩ የምጸልይ መስሏቸው አጠገቤ ተንበረከኩና እጃቸውን ጭነው በሀዲይኛ ይጸልዩልኝ ጀመር። ጣቴን ለማንሳት አፈርኩ። ቀስ በቀስ ትንፋሼ ረጋ።

"ቀለለሽ አይደል?" አሉኝ ሲጨርሱ።

"አዎ፣ እማዬ።"

አልዋሸሁም። ግን ያቀለለኝ የቱ ነው? እሳቸው ደስ ብሏቸው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤው ፊት በጸሎት መረጋጋቴን እንድመሰክር ለሽማግሌዎቹ ነግረውልኛል። ቆሜ ምን ልበል? ጣቴ አፍንጫዬ ላይ ነበር ልበል?