ጀማል የሚያጠናው እንግሊዝኛ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

የባሌ ታናሽ ወንድም ጀማል በስልኩ እንግሊዝኛ ማጥናት ጀምሯል። ሰላምታ እንኳ ሳይለምድ ቀጥታ የወንጀልና የሕግ አባባሎች ውስጥ ገባ። የጨርቅ ሱቃችን ውስጥ እየተንጎራደደ "ፕሊድ ጊልቲ" ይላል፤ ጥፋቴን አምናለሁ ማለት ነው።

"ምነው፣ ለገበያ የሚሆን ቃል ጠፋ?" አልኩት።

"እታለም፣ እዚህ ኬንያ ፖሊስ ቢይዘኝ በምን አፌ ልመልስ?"

እውነቱን ነው። ጨርቁን ኬላ ሳንነካ በፓንያ፣ በኮንትሮባንዱ ስውር መንገድ ከኢትዮጵያ የምናሻግረው እሱና እኔ ነን።

ዛሬ ግን የተከሳሹን ትቶ የምስክሩን ይዟል። "ጊቭ ኤቪደንስ አጌንስት" ሲል ሰማሁት፤ በሰው ላይ መመስከር ነው። ስገባ ስልኩን ደፋው።

"በማን ላይ ነው?" አልኩት እየሳቅኩ።

እሱ አልሳቀም። አብሮት የሚያሻግር ከእኔ ሌላ ማን አለ?