መኪናህ አልሮጥ አለች

ፈንቴ፣ የኔ ጌታ፤

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ነው። እኔና ብርቄ ደህና ነን። ልጅህ የፊት ጥርሶቿን አውልቃ አዲስ አብቅላለች። የማላርፈው እኔ ነኝ፤ ጠባዬን ታውቀው የለ? «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር።

ነገሩ የመኪናህ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ ከሰው እጅ የገዛሃት ያቺ ጥቁር ጀርመን ሠራሽ። ሰፈሩ ሁሉ ምን አግኝቶ ነው እያለ ሲንሾካሾክ፣ አንተ የቆዳ ወንበሯን በነጠላዬ ጫፍ ትወለውል ነበር።

ያረፍክ ጊዜ ቁልፏን ለመካኒኩ ለአያ ሙሉ ሰጠኋቸው። የብርቄ የክርስትና እናት ባለቤት ናቸው፤ አስከሬንህንም ተሸክመዋል። እስከ አርባህ ጋራዣቸው ውስጥ ቆመች። በኋላ መንዳት ተምሬ ስይዛት ግን፣ ከአዘዞ ወደ ከተማ ስወጣ ሚኒባስ ሁሉ ጥሎኝ ይሄዳል። ነዳጁን አጥብቄ ብረግጠውም ያው ናት። ልሸጣት ብዬ አንድ ገዢ ቢሞክራት ራሱን እየነቀነቀ ወረደ። «እህቴ፣ የዚች ማኪና ሞተር ይሄ አይደለም፤ ለውጠውብሻል» አለኝ።

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይባል የለ? ከዚያ ቀን ወዲህ አያ ሙሉን ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ለበዓል ብርቄን ሊጠይቁ መጥተው በሩን አልከፈትኩላቸውም። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» እያሉ ከውጭ ሲጣሩ ብርቄን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ለሙት ዓመትህ እንዳይጠሩ ወሰንኩ። ከዚያም ሽማግሌ ሰብስቤ ሞተሬን መልሱ ልላቸው ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉ ከእጄ አምልጦ ከመርገጫዎቹ ሥር ገባ። ጎንበስ ብዬ ስዳብስ ጠንካራ ነገር ነካሁ። ከነዳጅ መርገጫው በስተኋላ በሽቦ የታሰረ ቁራጭ እንጨት ነው፤ መርገጫው ከግማሽ በላይ እንዳይወርድ ይዞታል። አረንጓዴ ቀለሙን ሳይ ወዲያው አወቅሁት። ማራኪ ሰፈር ተከራይተን ስንኖር የተሰበረብን የአልጋችን እግር ነው።

እዚያው ቁጭ አልኩ። ብርቄን አርግዤ በዚችው መኪና ወደ ዳባት ስንሄድ፣ የጭነት መኪና ልትቀድም ስትወጣ ገደሉን አይቼ መጮሄን አስታወስኩ። ከዚያ ወዲህ ቀስ ብለህ ነበር የምትነዳው፤ ልብ ገዛ ብዬ ነበር። ለጓደኞችህ ግን እስከ መጨረሻው «ይቺ እኮ ትበራለች» ትል ነበር። የኔ ጉረኛ! በእግርህ አልተማመንክም፤ ለእኔም ሳትነግረኝ አሰርከው። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ወደ አያ ሙሉ ጋራዥ ነድቼ ሄድኩና የመኪናዋን በር ከፍቼ አሳየኋቸው። ምን ጠርጥሬ እንደነበር ስነግራቸው ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። እንጨቱን ዳሰስ አደረጉና «ፈንታሁን ሸጋ ሰው» አሉ። ቀጥለው ብርቄ እንዴት ናት ብለው ጠየቁኝ። ለሙት ዓመትህ ከሰው ሁሉ ቀድመው እንዲመጡ ለመንኳቸው። ይመጣሉ።

እንጨቱን ላውጣልሽ ቢሉኝ እምቢ አልኩ። መኪናዋንም አልሸጣትም፤ ሚኒባሱ ጥሎኝ ይሂድ። እግሬ እዚያች እንጨት ላይ በደረሰ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። ብርቄ ከኋላ ሆና «እማ፣ ፍጠኚ እንጂ!» ስትለኝም፣ አባትሽ አይለቀኝም እላታለሁ።

ያንተዋ
ጥሩዬ